በታይላንድ ተራራ ሳይበላ የዋለ ቁርስ

ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሕር ውስጥ እግሬን ነክሬ አላውቅም። ኑሮዬ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ካለው የሆስፒታል ወጥ ቤት ወደ ቤቴ፣ ከቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለ ታይላንድ የማውቀውም ወጥ ቤታችን የሚገዛው ሩዝ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ስሟን ብቻ ነው። ማኅበር ላይ በተገናኘን ቁጥር "እስቲ ያንን አገር ንገሪን" ስለምትሉኝና እኔም አንዱን ጀምሬ ሌላው ውስጥ ስለምገባ፣ ይኸው በተርታው ጻፍኩላችሁ።

የመንገዱ ሰበብ ልጄ ሚሚ ናት። ኮሌጅ እንደጨረሰች፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ በታይላንድ ሰሜን ተራራ ላይ ባለ መንደር ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ላስተምር ነው አለችን። ባለቤቴ ጌታቸው የጠቀለለውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰው።

"አውሮራ ውስጥ የሚማር ልጅ ጠፍቶ ነው?"

"ባባ፣ ኢትስ ኖት ላይክ ዛት።"

"ታዲያ እንዴት ነው? ሰው ልጁን አስተምሮ፣ አስመርቆ፣ ጫካ ይልካል?"

ብትቆጣ ይሻለን ነበር። አልተቆጣችም። "ካልመረቃችሁኝ አልሄድም" አለች፤ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል። ሚሚ እንዲህ ጥርት ያለ አማርኛ የምትናገረው ነገሩ ከልቧ ሲሆን ብቻ ስለሆነ ደነገጥኩ።

ጌታቸው ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። መኪና ሲገባና ሲወጣ እያየ ሲያስብ ይውላል። አስቦ አስቦ አንድ ቀን መጣና፣ "አንቺ ሂጂና እዪው። ጥሩ ነው ካልሽኝ እመርቃታለሁ። አይሆንም ካልሽ አይሆንም" አለኝ። ሸክሙን እንዲህ እኔ ላይ ጣለና እሱ እፎይ ብሎ ተኛ። ሚሚ ደግሞ ነገሩን ሽርሽር አደረገችው። "ቫኬሽን ነው ማሚ፤ ተራራውንም ደሴቱንም እናያለን" አለችኝ። ለሚቀጥሯት ሰዎች መልስ መስጠት ያለባት ግን ከመመለሳችን በፊት ነበር።

ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁት ነሐሴ ላይ፣ ልክ ፍልሰታ ሲገባ ሆነ። የንስሐ አባቴ "መንገደኛ ነሽ፣ አቅልዪው" አሉኝ። እኔ የልጄን ነገር በሱባዔ ይዤ እንዴት አቀላለሁ? እንደወትሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ይሄ ጾም በሰው አገር ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

የሄድን ቀን ጌታቸው በሞንትቤሎ ሰፈር በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዞን ሄደ። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። "ይሄን በርበሬ ሲከፍቱት ፈታሾቹ ያነጥሱና አገሩን ይዘጉታል" እያለ ቀለደ። በሩ ላይ ሲለየን ግን ሚሚን አቅፎ ቶሎ አልለቀቃትም።

አውሮፕላኑ ላይ ምግብ ሲያቀርቡ፣ "ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ወይ?" ብዬ ሚሚን ጠየቅኳት።

"የት?"

"የት ማለት?"

"አውሮራ አልፏል። ባንኮክ ገና አልነጋም። እታች ያለው ባሕር ምን እንደሚል አይ ሃቭ ኖ አይዲያ። ፒክ ዋን፣ ማሚ።"

ቃል የገባሁት አውሮራ ስለሆነ የአውሮራን መረጥኩ። ከዚያ ደመናው ላይ ስንት ጊዜ ነግቶ ስንት ጊዜ እንደመሸ አላውቅም። በመስኮቱ ነጭ ሜዳ አያለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስነቃ ያው ነጭ ሜዳ አለ። ቀኑ ከእጄ ተንሸራቶ የወደቀ መሰለኝ።

ባንኮክ ስንወርድ፣ የሆስፒታላችን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣውን እንፋሎት ታውቁታላችሁ? አገሩ በሙሉ እሱ ነው። እኛ ኮሎራዶ ከንፈራችን በድርቀት ሲሰነጠቅ የምንኖር ሰዎች፣ እዚያ ቆዳችን ውሃ እንደጠጣ አበባ ቀና አለ። ሚሚ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ወሰደችኝ፤ በሯ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ተሰቅሏል። እዚያ ባንዲራው ያለበት ቤት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣም የሚባል የለም። "የጾም ቤት!" ብዬ ጮህኩ። አውሮራ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ የሱቁን ዕቃ ሁሉ ጀርባውን እያዞርኩ የማነብ ሴት፣ እዚህ ባንዲራ ተሰቅሎልኝ አገኘሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀርቦልኝ ስቀምሰው ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ለካስ የእነሱ ጾም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትንም ይከለክላል።

"ሽንኩርት ደግሞ ምን በደለ?" አልኩ።

"ማሚ፣ ቀስ በይ፤ ሴትዮዋ እያየችሽ ነው።"

ሴትዮዋ የከፋኝ መስሏት አንድ ሳህን ፓፓያ በነጻ ጨመረችልኝ። በበርበሬዬ በላሁት፤ ለእሷም አቀመስኳት። አስነጠሳት። ጌታቸው እውነቱን ነበር።

ወደ ሰሜን በባቡር ነው የሄድነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የሩዝ ማሳው ውሃ ሞልቶ ሰማዩ መሬት ላይ ተኝቷል። ባቡሩ በሁለት ሰማይ መካከል የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ኮረብታዎቹ መጡ፤ አረንጓዴ፣ ጉም የለበሱ። የእኛ የኮሎራዶ ተራራ ድንጋዩ ፊት ለፊት ያፈጥብሃል። የእነሱ ግን ልጅ አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚንቀሳቀሰው ነው፤ ከሥሩ ጉልበት ይሁን ክርን አታውቅም።

ከከተማው ወደ መንደሩ የወሰደን ከኋላው በሁለት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ያለው ፒክአፕ ነበር። ዝናብ ነው፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ሰጠመና ሁላችንም ወርደን ገፋን። እኔ በአይ ሰቨንቲ አውራ ጎዳና በረዶ ላይ ያልተያዝኩ ሴት፣ ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠብኝ። እግሬን ሳወጣ ባዶ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ዶሮዋን ለባሏ ሰጥታ፣ እጇን እስከ ክርኗ ጭቃው ውስጥ አስገብታ ጫማዬን አወጣችው። በመጠጥ ውሃዋም እግሬን አጠበችልኝ። እንዳትነካኝ ብታገላትም አልሰማችኝም።

ያረፍነው ሜ ካም በሚባሉ ሴት ቤት ነው። "ሜ" ማለት እናት ማለት ነው። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሚሚ ብትመጣ የምትኖረው እሳቸው ጋ ስለሆነ፣ እኔ ቤቱን ሳይ እሳቸው ደግሞ እኔን ያያሉ። ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ጫማ እታች ይቀራል። ምሽቱን ከእኛው እኩል አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ብለው እንደሚቆጥሩት ስሰማ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ደመናው ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። ውሸቴን አይደለም፤ በመስኮቱ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሜ ካም ከቀርከሃ በተሠራች ትንሽ ሙዳይ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሩዝ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተጠበሰ እንጉዳይና የተወቀጠ ቃሪያ አቀረቡልኝ። ሚሚ የማልበላውን ሁሉ ቀድማ ነግራቸው ስለነበር፣ ሳይነጋ በዝናብ ወጥተው እንጉዳዩን የለቀሙት ለእኔ ብለው ነው። ቀሚሳቸው ገና እርጥብ ነበር።

እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩና አልነካሁትም።

ሚሚ ምን እንደማልበላ ነገረቻቸው እንጂ መቼ እንደምበላ አልነገረቻቸውም። ሜ ካም ሙዳዩን ከፈቱልኝ። ፈገግ አልኩ። ቀረብ አደረጉልኝ። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ከደኑትና ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቶቹ መጡ፤ ያንሾካሹካሉ። ሚሚ ስታዳምጥ ፊቷ ተለወጠ።

"ማሚ፣ ቤቱን ንቃለች እያሉ ነው።"

"ማን?"

"አንቺ! የሜ ካምን ምግብ አልነካችም፣ ልጇን እዚህ አታስቀምጥም እያሉ ነው።"

"ኧረ በማርያም! ጾም ነው በያቸው!"

"ጾም የሚለውን ቃል አላውቀውም! ኮሌጅ ያስተማሩን ታይኛ 'ቡና ስንት ነው' ነው።"

"ስንት ዓመት ከፍለን 'ቡና ስንት ነው'?"

"ማሚ፣ ኖት ናው!"

ተነሥቼ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ሰማዩን አሳየሁ፣ እጆቼን ለጸሎት ገጠምኩ፣ አፌን ዘጋሁ፣ ከዚያ በጣቴ ፀሐይን ከምሥራቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጎተትኩና እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። ሜ ካም ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። ፀሐይ የለም፤ ደመና ብቻ ነው። እኔን አዩኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ገብተው የራሳቸውን የሩዝ ሙዳይ አመጡና ከእኔ ሙዳይ አጠገብ አስቀመጡት፤ እንደተከደነ።

"እርስዎ ይብሉ እንጂ" አልኩ በአማርኛ። ሚሚ በታይኛ ለመነቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ያን ቀን እኔና ሜ ካም ሁለቱን ሙዳዮች መሃል አድርገን የቀርከሃ ቡቃያ ስንልጥ ዋልን። ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ዝም ብዬ መዋል አልችልምና ማውራት ጀመርኩ። ልጄ አንድ ናት አልኳቸው። አባቷ ቀልደኛ ይመስላል እንጂ ፈሪ ነው አልኳቸው። እዚህ ብትታመምብኝስ፣ ከታች ያለው ወንዝ ሲሞላ ማን ያወርዳታል አልኳቸው። ሚሚ እታች ከጎረቤቶቹ ጋር ስለነበረች የሚያስተረጉመን የለም፤ ሁሉንም በአማርኛ ነው። እሳቸውም ልጣጩን እየጣሉ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ነገር መለሱልኝ፤ አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ራሳቸው ደረት እያመለከቱ። ምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፃቸው ግን ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ፣ ነቅቼ ይሁን አንቀላፍቼ ሳልለይ፣ የረሃቡን ሰዓት አሻገረኝ።

ሚሚ መጥታ የእጅ ሰዓቷን አሳየችን፤ ዘጠኝ ሆኗል። ሁለቱን ሙዳዮች ከፈትን። ሩዙ ቀዝቅዞ ጠጥሯል። እኔ ጠቅለል አደረግኩና ቃሪያውን አስነክቼ ወደ ሜ ካም አፍ ዘረጋሁ። ደነገጡ። ከዚያ ሜ ካም ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ካላመጡ በኋላ ከእኔ ጉርሻ የሚተልቅ ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ ትን አለኝ፤ ደረጃው ላይ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ።

በማግስቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ሚሚን "ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ጠይቂልኝ" አልኳት። ጠይቃ መጣች። "ብቻዋን ስትጠብቅ ሰዓቱ ይረዝምባታል አሉ" አለችኝ።

ትምህርት ቤቱንም አየሁት፤ ረጅም ክፍል ነው፣ ከመስኮቶቹ ባሻገር ጉም ይሄዳል። ሚሚ ፊታቸው ስትቆም ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሰላም አሏት። ቤት ውስጥ ካልሲዋን የትም የምትጥለው ልጅ፣ እዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ ክፍሉን ሁሉ ያዘችው። አንዷን ትንሽ ልጅ እንደ ልማዴ ራሷን ስዳብሳት ሚሚ እጄን ለቀም አደረገችው፤ በእነሱ አገር የሰው ራስ አይነካም። ልጅቷ ግን ሳቀችና የእኔን ፀጉር ነካችው። ተካካስን።

ርእሰ መምህሩ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ቁጭ ብዬ ያስጨነቀኝን ጠየቅኳቸው። አልዋሹኝም። ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ መንገዱ ይቆረጣል አሉኝ። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ "አይሆንም" ሄደ። ሚሚ በር ላይ ቆማ ነበር፤ መስማቷን ከፊቷ አየሁ።

ከተራራው ስንወርድ ሜ ካም ነጭ ክር አምጥተው በእጃችን ላይ አሰሩልን፤ እያንሾካሾኩ፣ ሲያስሩ ግንባራቸውን ቋጥረው። መጀመሪያ ባዕድ አምልኮ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ግን የሚያንሾካሹኩበት ድምፅ የእናት ነው፤ እጄን ዘረጋሁ።

ወደ ደሴቱ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጀልባ ነው። ጀልባው ላይ አጥወለወለኝ፤ ነፍሴ የወጣች መሰለኝ። ሚሚ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገኝ መጣች። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ፋቲማ የምትባል የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነበረች፤ ቤቷ ከባሕሩ ዳር የኮኮናት ዛፍ ሥር ነው። ወረቀት የመሰለ ፊቴን አይታ ዝንጅብል አፈላች። በሚሚ በኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልበላ ስትሰማ ግን ምንም አላስገረማት። "እኛ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ" ብላ ሳቀች። "ዝንጅብሉ ይቆይሻል፤ እሳቱ አይጠፋም።"

ያ ደሴት እውነት መሆኑን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። ጠዋት በአዛን ድምፅ ትነቃላችሁ። ባሕሩ ድምፅ የለውም፤ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል ብቻ። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ሲመለሱ ውሃው ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። አውሮራ በበጋ ድንገት በረዶ ወርዶ አበባዬን ሲያደባየው የኖርኩ ሴት፣ ሰማይ እንዲህ ጨዋ መሆን ይችላል ወይ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋቲማ ሩዝና በኮኮናት የተሠራ ዱባ አቀረበችልን። ሚሚ ሳህኑ እስኪቀመጥ እንኳ ሳትጠብቅ ስትጎርስ አየሁ። የራሴን ረሃብ እንጂ የእሷን አላየሁም ለካ።

"አንቺ ከጠዋት አልበላሽም እንዴ?"

"አይም ፋይን።"

"ሚሚ።"

"ከሜ ካም ቤት ሁለተኛው ቀን ጀምሬ ነው።"

ልጄ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ ጾማ አታውቅም። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ብዪ ትዪኛለሽ።" ዱባውን በማንኪያ አገላበጠችው። "እሳቸው በማያውቁት ጾም አብረውሽ ሲጠብቁ እኔ ሩዝ ስበላ ሼም ያዘኝ" አለችኝ።

አንድ ጉርሻ ሩዝ አጎረስኳት። በላን። ከበላን በኋላ፣ "ነይ እስቲ ይሄን ባሕር አሳዪኝ" አልኳት። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው እንደ ገላ መታጠቢያ ለብ ያለ ነው። ሚሚ ክንዴን ይዛኝ ነበር።

"ፈርቻለሁ" አልኳት። "መንገዱንም፣ ወንዙንም፣ በሽታውንም ፈርቻለሁ። እንደፈራሁ ነው የምመርቅሽ። እሺ?"

"እሺ" አለች።

"ሂጂ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ያልወለደሽ ሰው እንደ ወለደሽ ይይሽ። የተማርሽው ለሌላ ይትረፍ። ስትሄጂ እንደሳቅሽ፣ ስትመጪም እየሳቅሽ። እንትፍ እንትፍ።"

"ማሚ፣ ኦን ማይ ፌስ!" አለች እያለቀሰች።

"እናቴም እንደዚሁ ነው የመረቀችኝ። ዝም ብለሽ ተቀበዪ።"

ባሕሩ ውስጥ ቆመን ፀሐይዋ እስክትወርድ ድረስ አልወጣንም። ቀሚሴ እስከ ወገቤ ረጠበ። ፋቲማ ከዳር ሆና ፎጣ ይዛ ጠበቀችን።

ዴንቨር ስንደርስ ጌታቸው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቆሟል። ሚሚን ሳመ፣ እኔን ሳመና፣ "እህ?" አለኝ።

"መርቄያታለሁ።"

"ለእኔ ሳትነግሪኝ?"

"አንተ አይደለህ እንዴ እዪው ብለህ የላክኸኝ?"

አውሮራ እስክንገባ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሣም። ቤት ገብቶ ሻንጣውን አስቀመጠና፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሚሚን ጠርቶ መረቃት። አጭር ምርቃት ነበር። ኅዳር ላይ ሚሚ ሄደች።

በሁለተኛው ክረምት ታመመች። ብርቱ ትኩሳት ነበር፤ መንገዱም ተቆርጦ ስለነበር የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወረዷት፤ ሜ ካም በእግራቸው አብረው ወረዱ። ስልኩ ሲደወል ጌታቸው ሥራ ላይ ነበር። ፈቃድ ጠይቆ ባገኘው የመጀመሪያ አውሮፕላን ሄደ። ሐኪም ቤት አጠገቧ ሰነበተ፤ ስትድንም ተራራው ድረስ አብሯት ወጣ። ይዟት ይመጣል ብዬ ክፍሏን አጽድቼ፣ አልጋዋን አንጥፌ ልቀበላቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ብቻውን ወጣ። "ሥራዋን ትጨርስ" አለኝ፤ ሻንጣውን መኪናው ላይ ጫነና በማግስቱ ሥራ ገባ።